ልዩ ችሎታ በስልክ ጦር ሜዳ፦ ልጆቻችን የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ እንዴት ይሠራል?



ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ በየሱቁ በረንዳ ብቅ የሚል ሰው ሦስት አራት ልጆች በአንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ማየቱ አይቀርም። ጆሮውን ቢያዘነብል ደግሞ "አሁን ተጫነው!"፣ "ቆይ፣ ገና ነው!"፣ "አባከንከው!" ሲባባሉ ይሰማል። ልጆቹ የሚነጋገሩት በኢንተርኔት ስለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። "ተጫነው" የሚባለውም ከጦሩ አባላት የአንዱን ልዩ ችሎታ የሚያስነሣው ቁልፍ ነው።

ለዚህ ጉዳይ አብዛኛዎቻችን ወላጆችና መምህራን ያለን መልስ ከሁለት አያልፍም። አንዳችን ስልኩን እንቀማለን፤ ሌላችን ደግሞ "ከቤት ካልወጣ ምን ቸገረኝ" ብለን ዝም እንላለን። ቀሚውም ሆነ ዝም ባዩ ጨዋታውን ስለማያውቁት፣ ልጁ ለሚያቀርበው ምክንያት መልስ የላቸውም። ልጁ "አሁን ማቋረጥ አልችልም" ሲል እውነት ይሁን ሐሰት አይለዩም። "ትንሽ ገንዘብ ብቻ ነው የጎደለኝ" ሲልም ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ አያውቁም።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ልዩ ችሎታ የተባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው ገጽታው አእምሮን እንደሚያሠለጥን፣ የትኛው ደግሞ ለኪሳችን የተዘረጋ መረብ እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው

በጨዋታ ውስጥ ለእያንዳንዱ የጦር አባል የተለየ ችሎታ መስጠት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ፈጠራ አይደለም። የሰንጠረዥ ጨዋታ ለዚህ ዋነኛው ምስክር ነው። ጨዋታው ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቡ ዓለም ሲሻገር "ሸጠረንጅ" ተባለ። የሕንዶቹ የጥንት ስሙ የሠራዊትን አራት ክፍሎች የሚያመለክት ሲሆን፣ እነርሱም ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ ናቸው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አስ-ሱሊ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው የሸጠረንጅ ተጫዋች ነበር፤ ስለ ጨዋታውም መጽሐፍ ጽፏል።

ወደ አገራችንም ጨዋታው ገብቶ የራሱን መልክ ይዟል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ ጽፏል።

በኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ውስጥ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይገኛሉ። ፊል ማለት በዐረብኛም ዝሆን ማለት ነው። ችሎታቸውን ልብ ብለው ይመልከቱ። ፈርዝ በአግድም ሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል ላይ ሌላ ቢቆምም አያግደውም፤ ነገር ግን አንድ ቤት ብቻ መሄድ አይሆንለትም። ደር መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይጓዛል። እያንዳንዱ የሚችለውና የማይችለው ነገር አለው። ከዚህም በላይ "ወረራ" የሚባል የመክፈቻ ጊዜ ነበር። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ፍጥነታቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና በተራ መጫወት ይጀመራል። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቱት ተራ የሌለው ጨዋታ በአባቶቻችን ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ሌላ ቁም ነገርም አለ። በኃይለኛው በደር ወይም በፈረስ ከማሸነፍ ይልቅ በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ ማሸነፍ ለተጫዋቹ የበለጠ ክብር ያሰጠው ነበር። ይህን ነጥብ በኋላ እንፈልገዋለንና አንባቢው ይያዝልን።

የጦሩ አባል በኮምፒዩተር ዓይን

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። በስክሪኑ ላይ ጢም አሳድጎ ሰይፍ የሚወዘውዘው ተዋጊ ለኮምፒዩተሩ የቁጥሮች ዝርዝር ነው። አንደኛው ቁጥር ልጆቹ "ላይፍ" የሚሉት ሲሆን፣ ተዋጊው ከመሞቱ በፊት ምን ያህል መመታት እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው በየሰከንዱ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሦስተኛው ፍጥነቱ፣ አራተኛው ከምን ያህል ርቀት መምታት እንደሚችል ነው። ልዩ ችሎታ ማለት እንግዲህ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን ወይም ሁለቱን በተወሰነ ሁኔታ የሚለውጥ ደንብ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የፊንላንዱ ሱፐርሴል ኩባንያ ያወጣውን ክላሽ ኦፍ ክላንስን እንውሰድ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ መንደር ይሠራል፣ ግንብ ይገነባል፣ ጦር ያዘጋጃል፤ ከዚያም የሌላውን መንደር ያጠቃል። በውስጡ የሚገኙትን ልዩ ችሎታዎች በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

1ኛ/ ዘወትር የሚሠራ ችሎታ። ሆግ ራይደር የሚባለው በአሳማ የሚጋልብ ተዋጊ ቁልፍ ሳይጫኑለት ግንቡን ዘሎ ያልፋል። ተፈጥሮው ነው።

2ኛ/ ዒላማ የሚመርጥ ችሎታ። ጃያንት የተባለው ግዙፍ ተዋጊ መከላከያ መሣሪያዎችን ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። ጎብሊን ደግሞ ሀብት ወደ ተከማቸበት ሮጦ ይሄዳል። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ ተጫዋቹ "ተመለስ" ቢለው አይመለስምና።

3ኛ/ ለሌላው የሚተርፍ ችሎታ። ሂለር የምትባለው በአየር ላይ የምትበር ስትሆን ከበታቿ ያሉትን እግረኞች ታክማለች፤ እርሷ ግን ጠላትን አትመታም። ዎል ብሬከር ቦምቡን ተሸክሞ ወደ ግንብ ይሮጥና አብሮት ይጠፋል፤ ያፈረሰው በር የሚጠቅመው ከኋላው ለሚመጡት ነው።

4ኛ/ ሲታዘዝ ብቻ የሚነሣ ችሎታ። ይህ የጀግኖቹ ድርሻ ነው። ለምሳሌ ግራንድ ዋርደን የሚባለው ጀግና ቁልፉ ሲጫኑለት በዙሪያው ያሉትን ወታደሮች ለጥቂት ሰከንድ ማንኛውም መሣሪያ እንዳይጎዳቸው ያደርጋል። የቀስተኞቹ ንግሥት ደግሞ ከዕይታ የምትሰወርበት ችሎታ ልትይዝ ትችላለች። በረንዳ ላይ "አሁን ተጫነው!" የሚባለው ይህን ነው።

የጥቂት ሰከንድ ዋጋ

ይህን በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሳስረዳ የምጠቀምበትን ስሌት ላቅርብ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ተዋጊ 300 ላይፍ አለው እንበል። በየሰከንዱ 10 ጉዳት ያደርሳል። የጠላት ማማ ደግሞ በየሰከንዱ 50 ይመታዋል። እንግዲህ ተዋጊው 300 ለ50 ሲካፈል 6 ሰከንድ ይቆያል፤ በ6 ሰከንድም 60 ጉዳት አድርሶ ይወድቃል። በመካከል ለ5 ሰከንድ የማይጎዳ ቢሆን ግን ዕድሜው 11 ሰከንድ፣ የሚያደርሰው ጉዳት 110 ይሆናል። ማለትም 5 ሰከንድ ብቻ የጦሩን ውጤት እጥፍ ሊያደርስ ምንም አልቀረው።

ነገር ግን ተጫዋቹ ቸኩሎ ማማው መምታት ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን ቢጫን 5ቱ ሰከንዶች በከንቱ ያልፋሉ፤ ውጤቱም ተመልሶ 60 ይሆናል። ዘግይቶ ተዋጊው ከወደቀ በኋላ ቢጫንም እንዲሁ ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጊዜው ነው። "አባከንከው!" የሚለው የልጆች ጩኸት ትርጉሙ ይህ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማካፈልና ማባዛት የሚሰለቸው ተማሪ በጨዋታው ውስጥ ይህንኑ ስሌት በቅጽበት ሲሠራው ማየት ለመምህር ትምህርት ነው።

ሦስቱ ልጓሞች

ለመሆኑ አንድ ተዋጊ ልዩ ችሎታ ካለው ለምን ሁሉም ሰው እርሱን ብቻ አይዝም? ጨዋታ ሠሪዎች በእያንዳንዱ ችሎታ ላይ ሦስት ልጓም ስለሚያስሩበት ነው።

የመጀመሪያው ልጓም ዋጋ ነው። ኃይለኛው ተዋጊ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ወይም ብዙ ሀብት ይፈጃል። እርሱን የመረጠ ሌሎችን ይተዋል።

ሁለተኛው ልጓም ጊዜ ነው። አንዳንዱ ችሎታ በአንድ ውጊያ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ በሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ከተጠቀሙበት በኋላ እስኪመለስ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው።

ሦስተኛው ልጓም ማርከሻ ነው። ለእያንዳንዱ ችሎታ የሚያከሽፈው ሌላ አለ። ሂለር በአየር ላይ ናትና መድፍ አይደርስባትም፤ አየር መቃወሚያ ግን ፈጥኖ ይጥላታል። ሞርታር የተሰበሰበ እግረኛ ይፈጃል፤ ነገር ግን እግሩ ሥር የደረሰን ጠላት መምታት አይችልም።

ሦስቱን ልጓሞች ባንድነት ለማየት የአገራችንን ስም የያዘ ምሳሌ አለ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በተባለው ታዋቂ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 አፍሪካውያን መንግሥታት ሲጨመሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነው ገብተዋል፤ ከበርበሮች፣ ከማሊዎችና ከፖርቱጋሎች ጋር ማለት ነው። ኢትዮጵያውያኑ የተሰጣቸው ልዩ ተዋጊ ሾተል ያዥ ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የታጠፈ ሁለት አፍ ያለው ጥንታዊ የጦር መሣሪያችን ነው። በጨዋታው ውስጥ ሾተል ያዡ ፈጣን ነው፣ ምቱም ከባድ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ሠልጥኖ የሚወጣው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ታዲያ ልጓሙስ? በመጀመሪያ ወርቅና ምግብ ይጠይቃል። ቀጥሎም ጋሻው ቀላል ነውና ከሩቅ ቀስት ሲዘንብበት ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሾተል ያዥ የመረጠ ተጫዋች የጠላት ቀስተኞች ሳይደረጁ ፈጥኖ መድረስ አለበት። ካመነታ ችሎታው ምንም አያተርፍለትም።

በሦስተኛው የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያውያን ሲጨመሩ የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በጦር መሣሪያነት ገብቷል። እውነተኛው ሴባስቶፖል በጋፋት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ አምባ ሲወሰድ እጅግ ብዙ ሰው እየጎተተው፣ መንገድም እየተጠረገለት ነበር። ከባድ ምት ያለው መሣሪያ በዝግታው ዋጋውን ይከፍላል የሚለው የጨዋታ ደንብ ከታሪክ የተቀዳ መሆኑን ልጆች በዚህ ይማራሉ።

እስከዚህ ድረስ ያየነው የጨዋታው መልካም ገጽታ ነው። አማራጭን መመዘን፣ ጊዜን መጠበቅ፣ የባላጋራን ማርከሻ መገመት፣ "ኃይለኛ ነው" የተባለ ሁሉ ደካማ ጎን እንዳለው ማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ ለወጣት አእምሮ የሚበጁ ናቸው።

በኢንተርኔት መሆኑ ምን ይለውጣል?

ሰንጠረዥ ሰሌዳው በተጫዋቾቹ መካከል ነው። የኢንተርኔቱ ጨዋታ ሰሌዳ ግን በኩባንያው ኮምፒዩተር፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ ነው። ልጁ ምን ያህል ሀብት እንዳለው፣ ጀግናው የቱ ደረጃ ላይ እንደደረሰ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ከዚህም ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ በስልኩ ላይ ቁጥር ቀይሮ ማታለል አይሆንም። ስለዚህ "ነጻ ጄም የሚሰጥ" ወይም "ጨዋታውን ሀክ የሚያደርግ" ተብሎ በየመንገዱ የሚወራለት አፕና ማስፈንጠሪያ አካውንት የሚሰርቅ፣ አለዚያም ስልክ የሚበክል ማጥመጃ ነው። ልጆች የወላጆቻቸውን የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ለእንዲህ ያለው ነገር እንዳይሰጡ አጥብቆ ማስጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክ ሲዘገይ ትእዛዙም ይዘገያል። እንደ ቡታጅራ ባለ መብራትና ኔትወርክ አልፎ አልፎ በሚጠፋበት ከተማ ልጁ በትክክለኛው ሰዓት ተጭኖ ችሎታው ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። ስልክ ሲወረወር፣ ታናሽ ወንድም ሲመታ የምናየው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ የተናደደው በማያዝዝበት ነገር ነውና ይህንኑ አስረድቶ ማረጋጋት ከቁጣ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ደንቡ የኩባንያው ነው። የሰንጠረዡ ፊል በአያቶቻችን ዘመን ሁለት ቤት ይዘል ነበር፣ ልጃቸውም ሲጫወት ሁለት ቤት ይዘል ነበር። የስልኩ ጀግና ግን ዛሬ የሚችለውን ነገ ላይችል ይችላል። ክላሽ ኦፍ ክላንስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የጀግኖቹን ችሎታ ከጀግኖቹ ነጥሎ በሚያዝና በሚለወጥ ትጥቅ ላይ አድርጎታል። ለዓመታት ጀግናውን ሲያሳድግ የኖረ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ትጥቁንም ማሳደግ ግድ ሆኖበታል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። እነዚህ ጨዋታዎች ሲጫኑ ገንዘብ አይጠይቁም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናው ቴንሰንት የሚመራ ቡድን ከሱፐርሴል ኩባንያ 84 በመቶ ያህሉን የገዛው በ8.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ነጻ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ይህን ያህል ያወጣው ምን ሸጦ ነው?

መልሱ በሦስቱ ልጓሞች ውስጥ ይገኛል። ከሦስቱ አንዱ፣ ጊዜ የሚባለው ልጓም፣ በገንዘብ ይፈታል። ከውጊያ ውጪ ሕንፃ ለማሳደግ፣ ጀግና ለማሻሻል ሰዓታትና ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጄም የተባለው ዕንቁ ያለው ግን ወዲያው ይጨርሳል። ጄም በጨዋታው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይገኛል፤ ለቸኮለ ግን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። እንግዲህ መጠበቁን የፈጠረውም፣ መጠበቁን ማስቀሪያ የሚሸጠውም አንድ ነጋዴ ነው።

ለዚህ ከራሱ ከጨዋታው የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በክላሽ ኦፍ ክላንስ ለብዙ ዓመታት ወታደር ለማሠልጠን መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ ሰዎችም ያን ለማሳጠር ጄም ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ኩባንያው የወታደር ማሠልጠኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አነሣው። ትናንት በዕንቁ ይገዛ የነበረው ዛሬ በነጻ ሆነ። የተሸጠው ነገር ዕቃ አልነበረም፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊነሣ የሚችል መዘግየት ነበር።

ሁለተኛው ሽያጭ ዕድል ነው። በልዩ ልዩ ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቹ ገንዘብ ከፍሎ ውስጡ ምን እንዳለ የማያውቀውን ሳጥን ይከፍታል፤ ብርቅዬው ተዋጊ ሊወጣለት ወይም ላይወጣለት ይችላል። ይህንንም በሰሌዳ ላይ እናስላው። ብርቅዬው የሚወጣው ከ100 አንድ ጊዜ ቢሆን፣ ልጁ "100 ሳጥን ከከፈትኩ በእርግጠኝነት አገኘዋለሁ" ብሎ ያስባል። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። 100 ልጆች እያንዳንዳቸው 100 ሳጥን ቢከፍቱ ወደ 37 የሚጠጉት አንድም ሳያገኙ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች በአገሩ ሕግ ቁማር መሆናቸውን አስታውቋል። ለእኛ አንባብያን ከፍሎ በዕድል ማግኘትና ማጣት ምን እንደሚባል ማስረዳት አያስፈልግም። የጥንት ዑለሞች በሸጠረንጅ ጉዳይ የተለያየ አቋም ነበራቸው፤ ገንዘብ ከተያዘበት ወይም ሶላትን ካስረሳ ግን እንደማይፈቀድ አልተለያዩም። ስለ እያንዳንዱ ጨዋታ ብይን የሚሻ ሰው የአካባቢውን ዑለሞች ይጠይቅ።

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ አይደለም። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "ኡስታዝ፣ ልጄ በዐረብ አገር የምትሠራ እህቱን በየወሩ ገንዘብ ላኪልኝ ይላታል፤ እርሷም ለመጽሐፍ መስሏት ትልካለች" ብለው አጫውተውኛል። ልጁን ጠርቼ ሳነጋግረው ገንዘቡ በወዳጁ ካርድ በኩል ለአንድ የስልክ ጨዋታ እንደሚውል አልደበቀም። "ምን ገዛህበት?" አልኩት። "ጀግናዬን አሳደግኩበት" አለኝ። "ሳትከፍል ቢሆን መቼ ያድግ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና "በስድስት ቀን" አለ። እህቱ በሰው ቤት ደክማ ያገኘችው ደመወዝ የስድስት ቀን ትዕግሥት ተገዛበት። ልጁ ይህን ያሰበው ሲጠየቅ ነው እንጂ ቀድሞ አስቦት አያውቅም። ከዚያ በኋላ እህቱን በስልክ አግኝቶ እውነቱን እንዲነግራት ተስማማን፤ ነገራትም።

ቀደም ሲል ያዙልን ያልነው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በሰንጠረዥ በደካማው ፊል ያሸነፈ ይከበር ነበር፤ ምክንያቱም ያሸነፈው በብልሃቱ ነው። የሁለቱ ወገን ጦር እኩል ነው፤ ባለጸጋው ሦስተኛ ፈረስ ገዝቶ አይጨምርም። በስልኩ ጨዋታም ቢሆን ሳይከፍል በትዕግሥትና በስልት የሚያሸንፍ ልጅ አለ። ክብሩ ለእርሱ ነውና በቤትም በትምህርት ቤትም እንዲህ ያለውን ልጅ ስናገኝ እናሞግሰው።

ለወላጆች የቀረቡ ምክሮች

ሀ) "አሁን ማቋረጥ አልችልም" ለሚለው ምክንያት መልስ ይኑርዎት። በክላሽ ኦፍ ክላንስ አንድ ጥቃት ከ3 ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚህ አዛን ሲሰማ ወይም ማዕድ ሲቀርብ "የያዝከውን ጨርስና ተነሣ" ቢሉት 3 ደቂቃ ይበቃዋል። የክላን ጦርነት በሚባለው፣ ቡድን ከቡድን በሚጋጠምበት ውጊያም ቢሆን የውጊያው ቀን 24 ሰዓት ነው፤ ድርሻውን ከትምህርትና ከሶላት ውጪ ባለው ሰዓት ሊፈጽም ይችላል። ሌሎች ጨዋታዎች ከዚህ ሊረዝሙ ይችላሉና ከመጀመሩ በፊት አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይጠይቁት።

ለ) የግዢውን በር ይዝጉ። ጎግል ፕሌይ ላይ ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። የይለፍ ቃሉ ግን ከልጁ ጋር አይሁን። በውጭ ያሉ ዘመዶችም ገንዘብ ሲጠየቁ ለምን እንደሆነ ወላጅን እንዲጠይቁ ይነገራቸው።

ሐ) ምልክቱን ይወቁ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጨዋታ ሱስን አካቷል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ያስቀድመዋል፣ ጉዳት እያየም ይቀጥላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው። ሁለት ሰዓት የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። እንቅልፉ፣ ትምህርቱና ወዳጅነቱ ሲናጋ ግን ጉዳዩን ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ተገቢ ነው።

መ) ከማገድ በፊት አብረው ይቀመጡ። አንድ ምሽት "አስተምረኝ" ብለው አጠገቡ ይቀመጡና ስለሚወደው ተዋጊ አራት ጥያቄ ይጠይቁት። ችሎታው ምን ያስወጣል? መቼ ነው የሚነሣው? ማርከሻው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚቀበለው ማን ነው?

ወጣቶች ሆይ! እናንተም እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለራሳችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እያንዳንዱ ጎበዝ ተጫዋች ይመልሳቸዋል፤ በረንዳ ላይ ስትከራከሩ ሰምቻችኋለሁና አልጠራጠርም። አራተኛውን ግን ከጓደኞቻችሁ መካከል የሚመልስ ካለ ጨዋታውን ከሁላችሁ በላይ የተረዳው እርሱ ነው።